ዋናው መሐንዲስ፤ የሰርጌይ ኮሮሌቭ ሕይወትና የጠፈር ጕዞ ዋጋ

ሰው ራሱ ወደ ጠፈር መውጣት ይገባዋልን? ወይስ መሣሪያውን ልኮ እርሱ በምድር ቢቀመጥ ይሻለዋል? ይህ ጥያቄ በመካከላችን በተነሣ ቍጥር ሻዩ ቀዝቅዞ መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ ክርክሩ አያልቅም። የሳይንስ ተማሪዎች የሆኑት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ብዙውን ጊዜ ከመሣሪያው ጋር ይቆማሉ፤ መሣሪያ አይበላም፣ አይተነፍስም፣ ቢጠፋም እናት አታለቅስበትም ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ልብ የሌለው ነገር አየ ቢባል ማን አየ ማለት ነው ብለው ይመልሳሉ።

እኛ ክርክሩን ስናዳምጥ አንድ ነገር ታዘብን። የመጀመሪያው ወገን ስፑትኒክንና የጨረቃን ጀርባ ፎቶግራፍ ያነሣችውን መንኰራኵር ለምስክርነት ሲጠራ፣ ሁለተኛው ወገን ዩሪ ጋጋሪንን ይጠራል። ሁሉንም የላካቸው ግን አንድ ሰው ነው። ከዚህም በላይ ይህ ሰው በዕድሜው መጨረሻ ሁለቱን ሥራ አንድ ላይ መሸከም አቅቶት አንዱን ለመልቀቅ ተገደደ። የትኛውን እንደ ለቀቀና ከዚያ ወዲህ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ለክርክራችን ይጠቅማል ብለን ታሪኩን ልንጽፍ አሰብን። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር አድርገናል።

ሰርጌይ ፓቭሎቪች ኮሮሌቭ በጃንዋሪ 12 ቀን 1907 ዢቶሚር በምትባል የዩክሬን ከተማ ተወለደ። አባቱ የሩስያ ሥነ ጽሑፍ መምህር ነበር፤ ዳሩ ግን ወላጆቹ ገና በሕፃንነቱ ስለ ተለያዩ ልጁ ያደገው በእናቱ ወላጆች ቤት ነው። በኋላም ቤተሰቡ ወደ ኦዴሳ ወደብ ተዛወረ። በዚያ በውኃ ላይ የሚያርፉ የባሕር ኀይል አውሮፕላኖች ስለ ነበሩ ልጁ ከነርሱ አጠገብ መዋልን አዘወተረ። የገባበት ትምህርት ቤት የቤት ግንባታ ሙያ የሚያስተምር ነበር፤ እርሱ ግን በ17 ዓመቱ ያለ ሞተር የሚንሳፈፍ አውሮፕላን ንድፍ አውጥቶ አቀረበ። ከዚያ በኪየቭ ፖሊቴክኒክ፣ ቀጥሎም በሞስኮ ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምሮ በ1929 ተመረቀ። የመመረቂያ ሥራውን የመራለት ስመ ጥሩው የአውሮፕላን መሐንዲስ አንድሬይ ቱፖሌቭ ነበር። አንባቢ ይህን ስም ይያዝልን፤ ወደ ፊት እንደገና እናገኘዋለን።

በ1931 ፍሪድሪኽ ዛንደር ከተባለ፣ ወደ ማርስ መሄድን ከማለም በቀር ሌላ ሐሳብ ከሌለው ሰው ጋር ሆኖ የሮኬት አጥኚዎች ማኅበር አቋቋመ። የሥራ ቦታቸው በሞስኮ ከአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ገንዘብ ስላልነበራቸው የማኅበራቸውን አጭር ስም፣ ጊርድ የሚለውን፣ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ መሐንዲሶች ቡድን ብለው እየተረጐሙ ይሣሣቁበት ነበር። ዛንደር የመጀመሪያዋ ሮኬት ስትነሣ ሳያይ በ1933 መጀመሪያ በተስቦ ሞተ። በዚያው ዓመት ኦገስት 17 ቀን ሮኬቷ 400 ሜትር ያህል ወጣች። ይህችን ያየ የጦር ሠራዊት ወዲያውኑ ገንዘቡን ይዞ መጣ፤ ማኅበሩም ከሌላ የጦር ቤተ ሙከራ ጋር ተቀላቅሎ የመንግሥት ተቋም ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮሮሌቭ ስለ ማርስ እያሰበ ለጦር ሠራዊት ሲሠራ ኖረ።

በ1937 መጨረሻ የስታሊን ሽብር ወደ ተቋሙ ደረሰ። አለቃውና ምክትሉ፣ ክላይመኖቭና ላንገማክ፣ በ1938 ጃንዋሪ በጥይት ተደብድበው ተገደሉ። ኮሮሌቭም ጁን 27 ቀን ተይዞ በምርመራ ተደበደበ፤ ያልሠራውን ሠራሁ ብሎ እንዲፈርም ተደረገ፤ የዐሥር ዓመት እሥራትም ተፈረደበት። የተላከው በሩቅ ምሥራቅ ወደ ኮሊማ፣ ማልድያክ ወደሚባለው የወርቅ ማውጫ ነው። በዚያ የቆየው ጥቂት ወራት ብቻ ሲሆን ከምግብ ጕድለት በሚመጣ በሽታ ከጥርሶቹ ብዙዎቹ ረገፉ። ጕዳዩ እንደገና ታይቶ ወደ ሞስኮ ተመልሶ ፍርዱ ወደ ስምንት ዓመት ተቀነሰለት፤ ከዚያም እሥረኞች መሐንዲሶች አውሮፕላን ወደሚነድፉበት ልዩ እስር ቤት ተዛወረ። የቡድኑ መሪ ማን ነበር? ያው ቱፖሌቭ፣ እርሱም እሥረኛ ሆኖ። መምህሩና ተማሪው በዘበኛ እየተጠበቁ አብረው ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ነደፉ።

ኮሮሌቭ በ1944 ተፈታ፤ ከክሱ ፈጽሞ ነፃ መሆኑ የተመሰከረለት ግን በ1957 ነው። ይህን ማስፈራችን ለአንባቢ ለማሳዘን ብቻ አይደለም። በሰማይ ላይ ያለ የአንድ ሰው ሕይወት ስንት ያወጣል ብለን ስንከራከር፣ ያንን ሰው የላከው መንግሥት በምድር ላይ የሰውን ሕይወት በምን ሚዛን ይመዝን እንደ ነበር መርሳት አይገባንም።

ከጦርነቱ በኋላ ወደ ጀርመን ተልኮ የሂትለርን ቪ 2 ሮኬት አጠና፤ በ1946ም ከሞስኮ አጠገብ የረጅም ርቀት ሮኬቶች ዋና መሐንዲስ ሆኖ ተሾመ። የዚህ ዘመን ሥራው ብዙ ነው፤ ለእኛ ጕዳይ የሚያስፈልገው አር 7 የተባለው ሮኬት ብቻ ነው። ይህ ሮኬት የተሠራው የሃይድሮጅን ቦምብ ተሸክሞ አሜሪካ እንዲደርስ ነው። የሶቪየት ቦምብ በዚያን ጊዜ እጅግ ከባድ ስለ ነበር ሮኬቱም ከአሜሪካኖቹ ይልቅ እጅግ ብርቱ ሆኖ መሠራት ነበረበት። እንግዲህ በኋላ ሰውን ተሸክሞ ለመውጣት የሚበቃ ጕልበት የተገኘው ከቦምቡ ክብደት የተነሣ ነው እንጂ ለሳይንስ ተብሎ የወጣ ገንዘብ አልነበረም።

አር 7 በኦገስት 1957 መጀመሪያ ተሳካለት፤ ኦክቶበር 4 ቀንም 83.6 ኪሎ ግራም የምትመዝነውን ስፑትኒክን ወደ ሰማይ ወረወረ። ኮሮሌቭ አስቀድሞ ለመላክ ያሰበው በምርምር መሣሪያ የተሞላ ከባድ ሳተላይት ነበር፤ ያ ስለ ዘገየበትና አሜሪካ እንዳትቀድመው ስለ ፈራ ነው ከራዲዮ በቀር ብዙ ነገር የሌለባትን ትንሽ ኳስ የላከው። ዓለም ጉድ አለ። ክሩሽቼቭም ደስ ስላለው ለአብዮቱ በዓል ሌላ አስደናቂ ነገር ጠየቀ፤ ከአንድ ወር በኋላ ኖቬምበር 3 ቀን ላይካ የተባለችው ውሻ ሄደች። የምትመለስበት መንገድ አልተዘጋጀላትም ነበር። ለብዙ ቀናት እንደ ኖረች ሲነገር ቆይቶ፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በሙቀት መሞቷ የታወቀው በ2002 ነው።

ከባዱ ሳተላይት፣ ስፑትኒክ 3፣ በሜይ 1958 ወጣ። ክብደቱ ከ1,300 ኪሎ ግራም በላይ ሆኖ ሳለ መረጃ የሚያከማችበት ቴፕ ስላልሠራ በምድር ዙሪያ ያለውን የጨረር ቀበቶ የማግኘት ክብር አመለጠው። ያንን ክብር የወሰደው በጃንዋሪ 31 ቀን 1958 14 ኪሎ ግራም ያህል በምትመዝን ኤክስፕሎረር 1 ላይ ትንሽ ጨረር መቍጠሪያ የገጠመው አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ቫን አለን ነው። እርሱም ሰውን ወደ ጠፈር መላክ ገንዘብ ማባከን ነው እያለ እስከ እርጅናው ድረስ ተከራከረ። የመሣሪያው ወገኖች ይህን ሰው በክርክራቸው ሲረሱት እንገረማለን።

በ1959 የኮሮሌቭ መሣሪያዎች ድንቅ ሥራ ሠሩ። በሴፕቴምበር ሉና 2 ጨረቃን መታች፤ የሰው እጅ የሠራው ነገር ሌላ ዓለም ሲነካ የመጀመሪያው ነበር። በኦክቶበር ደግሞ ሉና 3 ከጨረቃ ኋላ ዞራ ከአዳም ጀምሮ ማንም ያላየውን ጀርባዋን ፎቶግራፍ አነሣች። ፊልሙ በዚያው በመንኰራኵሯ ውስጥ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በራዲዮ ወደ ምድር ተላከ። ሥዕሉ ብዥ ያለ ነበር፤ ቢሆንም ግማሽ ጨረቃ በአንድ ቀን ታወቀ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ኮሮሌቭ ሰው መላክ ፈለገ፤ የጦር ሹማምንት ግን የጠላትን አገር ከሰማይ የምታነሣ የስለላ ካሜራ ፈለጉ። የእርሱ ብልሃት ሁለቱንም በአንድ ዕቃ ማድረግ ነበር። 2.3 ሜትር ስፋት ያላት አንዲት የብረት ኳስ አሠራ፤ ወንበር ቢገባባት ቮስቶክ፣ ካሜራ ቢገባባት ዜኒት ተባለች። የካሜራው ፊልም በደኅና ወደ ምድር መመለስ አለበት፤ ሰውም በደኅና ወደ ምድር መመለስ አለበት፤ እንግዲህ ለመሐንዲሱ ሁለቱ አንድ ሒሳብ ናቸው። በቮስቶክ ከ1961 እስከ 1963 ስድስት ሰዎች ወጡ። የዜኒት ካሜራዎች ግን እስከ 1994 ድረስ ከ500 ጊዜ በላይ ተልከዋል። ይህን ቍጥር ስናነብ ብዙ አሰብን፤ ዓለም የሚያስታውሰው ስድስቱን ነው፤ ወጪውን በመንግሥት ፊት ያስፈቀዱት ግን አምስት መቶዎቹ ናቸው።

ጋጋሪን በአፕሪል 12 ቀን 1961 ምድርን አንድ ጊዜ ዞሮ በ108 ደቂቃ ተመለሰ። መንኰራኵሩ ሁሉን ነገር ራሱ የሚሠራ ነበር። ክብደት በሌለበት ሰው አእምሮው ይታወክ ይሆናል ተብሎ ስለ ተፈራ የእጅ መንጃው በቍጥር ተቈለፈ፤ ቍጥሩም፣ 125፣ በታሸገ ፖስታ ውስጥ ተቀመጠ። ኮሮሌቭና ሌሎችም ሰዎች ልባቸው አልችል ብሏቸው ቍጥሩን አስቀድመው በጆሮው እንደ ነገሩት ይተረካል። ከላኪዎቹ አንዳንዶቹ ሰውየውን እንደ ተሳፋሪ ዕቃ ሲያዩት ዋናው መሐንዲስ ግን እንደ ሰው አምኖታል። የሰው ወገን ነን የሚሉ ባልደረቦቻችን ከጋጋሪን ፈገግታ ይልቅ ይህንን ታሪክ ቢጠቅሱ ይሻላቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ የፉክክሩ ትኵሳት ጨመረ። አሜሪካኖች ሁለት ሰው የሚይዝ መንኰራኵር ሲያዘጋጁ፣ በኦክቶበር 1964 ለአንድ ሰው በተሠራው ኳስ ውስጥ ሦስት ሰዎች ተጠጋግተው ተቀመጡ፤ ቦታ ስላልበቃ የጠፈር ልብስ አልለበሱም፣ በአደጋ ጊዜም ማምለጫ አልነበራቸውም። ቮስኮድ ይሉታል። በደኅና ተመለሱ እንጂ የተማሩት ነገር ከአደጋው ጋር አይመዛዘንም፤ በዚህ ጊዜ ኮሮሌቭን እኛ አንደግፈውም።

በሚቀጥለው ማርች በቮስኮድ 2 የወጣው ሌዎኖቭ ግን ሌላ ነገር አሳየ። ለዐሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል በባዶው ጠፈር ከተንሳፈፈ በኋላ ልብሱ ተነፍቶ ወደ ውስጥ መግባት አቃተው፤ አየሩን በገዛ እጁ አስተንፍሶ ገባ። ሊመለሱ ሲሉም የአቅጣጫ መምሪያው መሣሪያ ተበላሸ። ከጓደኛው ከቤልያየቭ ጋር መንኰራኵሯን በእጅ መርተው በኡራል ጫካ በረዶ ውስጥ አረፉ፤ ሁለት ሌሊትም በዚያ አደሩ። መሣሪያው ሲከዳ ሰው ሠራ። ነገር ግን የመሣሪያው ወገን ወዲያው ይመልሳል፤ ሰዎቹ ባይኖሩ ኖሮ መዳን ያለበትስ ማን ነበር?

በዚያው ዓመታት የኮሮሌቭ መሣሪያዎች ዕድል ከፍቶባቸው ነበር። በ1961 ወደ ቬነስ የሄደችው መንኰራኵር ድምፅዋ ጠፋ። በኖቬምበር 1962 ወደ ማርስ የተላከችው ማርስ 1 106 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ከሄደች በኋላ ዝም አለች። ጨረቃ ላይ በቀስታ ለማሳረፍ የተላኩት ከሉና 4 እስከ ሉና 8 ያሉት አንዳንዶቹ ጨረቃን ሳቱ፣ አንዳንዶቹም ተጋጭተው ተሰባበሩ።

ስለዚህ ዘመን ሁለት ታሪክ ይነገራል። አንደኛው፦ በማርስ ላይ ሕይወት ያለው ነገር መኖሩን የሚመረምር መሣሪያ ሊቃውንቱ ሲያመጡለት ኮሮሌቭ ወደ ካዛክስታን ሜዳ አስወጥቶ አስፈተነው፤ መሣሪያውም በምድር ላይ ሕይወት የለም ብሎ መለሰ፤ ወዲያው ከመንኰራኵሩ ላይ አስወረደው። ሁለተኛው፦ የጨረቃ ገጽ ጠንካራ ነው ወይስ የሚያሰምጥ ትቢያ ነው ተብሎ መሐንዲሶቹና ሊቃውንቱ ተከራክረው መስማማት ሲያቅታቸው፣ ኮሮሌቭ ወረቀት አንሥቶ ጨረቃ ጠንካራ ናት ብሎ ጻፈና ፈረመበት። የጨረቃ እግሩ በዚያው ፊርማ ተሠራ።

በኦገስት 1964 መንግሥት ሰውን ጨረቃ ላይ ለማሳረፍ ወሰነ፤ ከኬኔዲ አዋጅ ሦስት ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው። ለዚህ የተመረጠው የኮሮሌቭ ግዙፍ ሮኬት፣ ኤን 1፣ 105 ሜትር የሚረዝም፣ በታችኛው ክፍሉ ብቻ 30 ሞተር ያለው ነበር። ሞተር በመሥራት ተወዳዳሪ የሌለው ግሉሽኮ፣ እርሱም በ1938 የታሠረ የድሮ ባልደረባው፣ በነዳጁ ዐይነት ተጣልቶት አልሠራም አለ። ኮሮሌቭ የአውሮፕላን ሞተር ወደሚሠራው ወደ ኩዝኔትሶቭ ሄደ። ገንዘቡ አነሰ፣ ጊዜው አጠረ፣ ልቡም ታመመ። በ1965 ጸደይ ዋናው መሐንዲስ ከሁለቱ ልጆቹ አንዱን ለሰው ሰጠ፤ የጨረቃና የፕላኔት መሣሪያዎችን ሥራ በሙሉ ላቮችኪን ለተባለው ፋብሪካና ለአዲሱ መሐንዲስ ለጊዮርጊ ባባኪን አስረከበ። ለራሱ ያስቀረው ሰውን ነው።

በጃንዋሪ 1966 ቀላል ነው ለተባለ ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ገባ። ቢላዋውን የያዘው የጤና ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ፔትሮቭስኪ ራሱ ነበር። ሲከፍቱት ያልጠበቁት ትልቅ ዕጢ ተገኘ፤ ደም ፈሰሰ። በ1938 በተደበደበ ጊዜ መንጋጋው ተጐድቶ ስለ ነበር የመተንፈሻውን ቱቦ በጕሮሮው ማስገባት አስቸገራቸው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ጃንዋሪ 14 ቀን፣ 59 ዓመት በሞላው በሁለተኛው ቀን፣ ዐረፈ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስሙ የመንግሥት ምስጢር ነበር፤ በጋዜጣ የሚጽፈው እንኳ በሌላ ስም ነበር። የሶቪየት ሕዝብ ዋናው መሐንዲስ ማን እንደ ሆነ ያወቀው የሞቱ ዜና ከፎቶግራፉ ጋር በፕራቭዳ ሲወጣ ነው። ዐመዱ በክሬምሊን ግንብ ተቀበረ።

ከሃያ ቀን በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን፣ ባባኪን ያስተካከላት ሉና 9 ጨረቃ ላይ በደኅና አርፋ ፎቶግራፍ ላከች። ጨረቃ ጠንካራ ናት። እንግሊዞች በጆድሬል ባንክ ያላቸው ትልቅ የራዲዮ ቴሌስኮፕ ሥዕሉን ከአየር ላይ ጠልፎ፣ ከሶቪየት ጋዜጦች በፊት በለንደን ታተመ። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ሥር፣ ዛሬ የኤርትራ ዋና ከተማ በሆነችው በአስመራ፣ አሜሪካኖች በቃኘው ጣቢያቸው በ1965 የተከሉት 46 ሜትር ስፋት ያለው አንቴናም የተሠራው የነዚህኑ መንኰራኵሮች ድምፅ ለማዳመጥ ነበር። ከእኛ ተራራ ላይ ሆኖ የኮሮሌቭን ሥራ የሚሰማ ጆሮ እንደ ነበረ ብዙዎቻችን አናውቅም።

ከዚያ ወዲህ የተሰጠው ልጅ አደገ። በማርች 1966 ኮሮሌቭ ራሱ ያሠራት ቬኔራ 3 ቬነስን መታች፤ በ1967 የባባኪን ቬኔራ 4 የቬነስን አየር መረመረች፤ በ1970 ቬኔራ 7 ከዚያው ከሚያቃጥለው ምድር ላይ ሆና ተናገረች። በዚያው ዓመት ሉና 16 ያለ ሰው 101 ግራም የጨረቃ አፈር ይዛ ተመለሰች፤ ሉኖኮድ የተባለው ባለ ስምንት ጐማ ሠረገላም ጨረቃ ላይ ወደ ዐሥር ወር ያህል ተንቀሳቅሶ 10.5 ኪሎ ሜትር ሄደ።

ለራሱ ያስቀረው ልጅስ? በአፕሪል 1967 ኮማሮቭ በሶዩዝ 1 ሲመለስ ጃንጥላው ሳይዘረጋ ቀርቶ ሞተ። ኤን 1 በ1969 ሁለት ጊዜ፣ በ1971 አንድ ጊዜ፣ በ1972 አንድ ጊዜ ተተኵሶ አራቱንም ጊዜ ወደቀ። አንድም ሩሲያዊ ጨረቃን አልረገጠም።

ይህን ሰምቶ የመሣሪያው ወገን ቢያጨበጭብ አይፈረድበትም። ነገር ግን ለሰው ወገንም ሒሳብ እናስይዝለት። አሜሪካኖች 25 ቢሊዮን ዶላር ያህል አፍስሰው 12 ሰዎችን ጨረቃ ላይ አቆሙ፤ 382 ኪሎ ግራም ድንጋይና አፈር አመጡ። በ1972 የአፖሎ 17 ሰዎች በሦስት ቀን ውስጥ በመኪናቸው 35 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዱ፤ ኦፖርቹኒቲ የተባለው የማርስ ሠረገላ 45 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከ2004 እስከ 2018 ፈጀበት። በቦታው ያለ ሰው ፈጣን ነው፤ ይህን የሚክድ ሐቀኛ አይደለም። ታዲያ የኮሮሌቭን ሕይወት ካነበብን በኋላ እኛ ያዘነበልነው ወደ መሣሪያው ነው። ምክንያታችን ርካሽ መሆኑ ብቻ አይደለም። ሉና ስትሰበር ሌላ ሉና ተሠራች፤ ደጋግማ ከሽፋ በመጨረሻ አረፈች። ከሰው ጋር እንዲህ ያለ ትዕግሥት አይቻልም፤ ቢቻልም እንደ ኮሊማ ሹማምንት ሰውን መቍጠር ይሆናል። ከመካከላችን አንዱ ግን እስከ መጨረሻው አልተስማማንም፤ ኮሮሌቭ ራሱ ሁለቱን አስቀምጦ ሲመርጥ የመረጠው ሰውን እንደ ነበር እያነሣ ይሞግተናል።

ለኤን 1 ከተሠሩት ሞተሮች የተሻሻሉት አንድም ቀን ሳይበሩ ፕሮግራሙ ስለ ተዘጋ፣ እንዲያጠፏቸው ትእዛዝ ቢመጣም የኩዝኔትሶቭ ሰዎች በመጋዘን ደብቀው ሃያ ዓመት ያህል አቈዩአቸው። በ1990ዎቹ አሜሪካኖች ገዙአቸው። በ2013 አንታሬስ የተባለው ሮኬት ከቨርጂኒያ ጠረፍ በነዚሁ ሞተሮች ተነሣ። ከዚያም በኋላ በተሸከመው መንኰራኵር ውስጥ ሰው አልነበረም፤ የጫነው ግን በጠፈር ጣቢያ ለሚኖሩት ሰዎች ምግብና ልብስ ነበር።